ልፈርም ወይስ ልተው? የአንዲት ተርጓሚ ጥያቄና 23 ምላሾቹ

ባለፈው ሳምንት የሐዋሳ የኮምፒውተር ሰዎች በምንገናኝበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ወጣ። ማታ ሻይ ይዤ ሁለት ደቂቃ ልየው ብዬ ከፈትኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ምላሾቹን፣ ስጨርስ ሌሊቱ ተጋምሷል። ያላነበባችሁት ብዙ ናችሁና የተባለውን በራሴ አፍ ልተርክላችሁ። መሀል መሀል የራሴን ጣል ማድረጌ አይቀርም፤ ቻሉኝ።

ጠያቂዋ ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ጽሑፍ ትጽፋለች፣ የሠርግ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ትገለብጣለች፣ መዝሙር ቀድታ ታጸዳለች። ለድምፅ ሥራዋ የምትጠቀምበት ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ኮዱም (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት ነው። ከጀርባው ግን ድርጅት አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የፕሮግራሙን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስትመልስ ቆይታለች። ከ1,400 በላይ ቃልና ዓረፍተ ነገር። ማንም አልከፈላትም፣ እሷም አልጠየቀች። አሁን ከድርጅቱ ኢሜይል መጣላት። የአስተዋጽዖ ስምምነት የሚባል ወረቀት ካልፈረመች ከእንግዲህ ሥራዋን አይቀበሉም። በዚያው ሰሞን የወጣው አዲስ እትም ደግሞ ሲከፈት የአጠቃቀም መረጃ ወደ ድርጅቱ ልላክ ወይ ይላል። ምልክቱን ራሱ እሺ ላይ አድርጎ ነው የሚጠይቀው።

ጥያቄዋ አጭር ነበር። ልፈርም ወይስ ልተው? የድርጅቱን ስም አልጻፈችም። ብዙዎች ቢወተውቷትም እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አላለችም። ደግ አደረገች፤ ስሙ ቢወጣ ኖሮ ወሬው ሁሉ እሱ ላይ ይቀር ነበር።

1ኛው ምላሽ የመጣው በትርጉሟ ከሚጠቀም መዝሙር ቀጂ ነው። እጇን ባረከ፣ ከዚያ ፈርሚ አላት። ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ እንደሚፈልጉ፣ ድርጅቱ ባይኖር ፕሮግራሙ እስካሁን ሞቶ እንደነበር አስረዳ። ወረቀት የሁሉም ድርጅት ባሕርይ ነው፣ አታካብጂው የሚል መንፈስ ነበረው። 2ኛው ተቆጣ ባይባልም ፈጠን አለ። ያልታየ ወረቀት ላይ ፍርድ መስጠት ምን ይሉታል፣ መጀመሪያ ይታይ እንጂ።

3ኛው ራሷ ናት። ወረቀቱን በስልኳ አንሥታ ለጠፈች። ፎቶው ጠርዝ ላይ የሻይ ብርጭቆ ይታያል፤ ቁርስ ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። አራት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ አስምራበታለች። የትርጉሙ የቅጂ መብት የእሷ እንደሆነ ይቀራል ይላል። ቀጥሎ ግን ድርጅቱ ሥራዋን በየትኛውም ፈቃድ፣ ዝግ በሆነም ጭምር፣ ለዘለዓለም ማውጣት እንዲችል ትፈቅዳለች፤ ፈቃዷንም መልሳ መውሰድ አትችልም። የትኛውም የሚለው ቃል ላይ ሁለት ጊዜ አስምራለች። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አንብባ ደስ እንዳላት፣ ሁለተኛዋ ላይ ግን ቅር እንዳላት ጻፈች።

4ኛው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ነው። የክሩ ምርጥ ማብራሪያ የእሱ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ የሚወጣው በጂፒኤል ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ማንም ወስዶ ቢያሻሽለውና ቢያከፋፍለው ያሻሻለውንም በዚያው ፈቃድ ክፍት አድርጎ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ድርጅቱም የሌሎችን ሥራ እስከያዘ ድረስ ከዚህ አያመልጥም። የሚያመልጠው እያንዳንዱ አስተዋጽዖ ያደረገ ሰው ይህን ወረቀት ሲፈርምለት ብቻ ነው። ያኔ ሁላችንም በገመዱ እንደታሰርን እሱ ብቻ ተፈትቶ ይወጣል። መምህሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ለማጣፈጥ ብሎ ሥራውን ከደቦ ጋር አመሳሰለው።

5ኛው ሙድ ያዘበት። እሱ የሚያውቀው ደቦ ላይ ባለ ማሳው ጠላ ይጠምቃል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ነገ ደግሞ ተራውን ከሌላው ማሳ ይውላል። ይህ ድርጅት መቼ ነው መጥቶ የልጅቷን ሱቅ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣላት ብሎ ጠየቀ። 11 ሰው ሳቀለት። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ።

6ኛው ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ገቡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰራተኛ ናቸው፣ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊም ናቸው። ስለ ኮድ ብዙ እንደማያውቁ አስቀድመው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ የእድራቸውን የባንክ ደብተር ነገር አነሡ። ገንዘብ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ የሊቀመንበሩ፣ የገንዘብ ያዡና የጸሐፊው። ይህን ደንብ ያወጡት የዛሬውን ሊቀመንበር ጠርጥረው አይደለም፤ እሳቸውን ሁሉም ያምናቸዋል። ግን ሊቀመንበር ይቀየራል፣ ደብተሩ ግን ያው ደብተር ነው። ልጄ እያሉ ጠያቂዋን መከሯት። ወረቀቱን ሲያነቡት ብቻውን ገንዘብ ማውጣት የሚችል አንድ ፈራሚ የሚሾም ደብዳቤ መሰላቸው። የዛሬው ሰውዬ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገ ድርጅቱን የሚገዛው ሰውዬ ማን እንደሆነ ግን ታውቂያለሽ ወይ አሏት።

እኔ ከዚህ በኋላ የተባለውን ሁሉ የለካሁት በጋሼ ደብተር ነው።

7ኛው የጋሼን ነገር ተቀብሎ ሊኑክስን አመጣ። ሊኑክስ ክፍት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ከርነል የሚባለው እምብርቱ ከ2004 ጀምሮ (የውጭዎቹን ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) የሚሠራው እንዲህ ባለ ስምምነት ሳይሆን፣ አስተዋጽዖ አድራጊው ሥራውን የማቅረብ መብት አለኝ ብሎ ከሥሩ ስሙን በሚያኖርባት አንዲት መስመር ነው። መብቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎችና ድርጅቶች እጅ ተበትኗል። ስለዚህ የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ ነገ ተነሥቶ ልዝጋው ቢል አይችልም። በጋሼ ቋንቋ ሺዎች ፈራሚ ያሉት ደብተር ነው። ይኸው ሰው የዚህን ዕዳ ሳይሸሽግ ነገረን። የቪዲዮ ማጫወቻው የቪኤልሲ ሰዎች በ2011 እና 2012 የፕሮግራሙን ዋና ዋና ክፍል ወደ ላላ ፈቃድ ለማዛወር ሲፈልጉ መቶዎች የሚሆኑ የድሮ ጸሐፊዎችን አንድ በአንድ እያሠሡ ማስፈቀድ ነበረባቸው። አድካሚ ነው። ግን ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው፣ አደረጉት።

8ኛው የቁጣ ዶሴ ይዞ መጣ። የመረጃ መፈለጊያው ኢላስቲክሰርች በጃንዋሪ 2021 ፈቃዱን ቀየረ። ሀሺኮርፕ የሚባለው ድርጅት ሰርቨሮችን ማዘጋጃውን ቴራፎርምን በኦገስት 2023 ቀየረ፤ በኤፕሪል 2024 አይቢኤም ድርጅቱን በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መስማማቱን አስታወቀ። የመረጃ ቋቱ ሬዲስ በማርች 2024 ቀየረ። ሁሉም የሰውን ሥራ ለዓመታት ሲቀበሉ ቆይተው በአንድ ማለዳ በሩን ዘጉት ብሎ ደመደመ። ስድብም ጨመረበት፤ እሱን ዘልዬዋለሁ።

9ኛው እርጋታ ያላት ሴት ናት፣ በመገለጫዋ ላይ የአባ ኮዳ ፎቶ ያደረገች። ዶሴው ላይ ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። ሬዲስ ሲጀመርም የወጣው በቢኤስዲ ፈቃድ ነው። ያ ፈቃድ ማንም ሰው፣ ድርጅቱም ሆነ ጎረቤቱ፣ ቀጣዩን እትም እንዲዘጋ ይፈቅዳል። ኢላስቲክም በአፓቺ ፈቃድ ነበር፣ እሱም የላላ ነው። ስለዚህ እነዚያን ለመዝጋት የማንም ልዩ ፊርማ የግድ አላስፈለገም። የጠያቂዋ ጉዳይ ግን ጂፒኤል ነው። እዚህ ላይ ወረቀቱ ጌጥ አይደለም፣ ቁልፉ ራሱ ነው። ሌላም አስታወሰችው። የተዘጉት በሮች ጎን ሌላ በር ተከፍቷል፤ ከቴራፎርም ኦፕንቶፉ፣ ከሬዲስ ቫልኪ፣ ከኢላስቲክሰርች ኦፕንሰርች የቀድሞውን ክፍት ኮድ ይዘው ተገንጥለው ወጡ። ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ በ2025 ኤጂፒኤል የሚባለውን ክፍት ፈቃድ መልሰው ጨመሩ። 8ኛው ሰው መልስ አልሰጠም። የአውራ ጣት ምልክት ግን አደረገላት፤ በዚህ መድረክ ይህ ከይቅርታ ይቆጠራል።

10ኛው ረጅም ነበር፤ ድምፅ መቅጃና ማረሚያ የሆነውን የኦዳሲቲን ታሪክ ተረከ። ድምፅ የሚሠራ ሁሉ ስለሚያውቀው ሰው በጥሞና አነበበው። በ1999 ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ይህን ፕሮግራም በ2021 ሚዩዝ ግሩፕ ገዛው። ጋሼ ያሉት የሊቀመንበር ለውጥ ማለት ይህ ነው። ወዲያው በሜይ የአጠቃቀም መረጃን በጎግልና በሩሲያው ያንዴክስ መሣሪያ ለመሰብሰብ ሐሳብ ቀረበ። ተጠቃሚው ካልፈቀደ እንደማይላክ ቢነገርም ሰው ተነሣ፤ ሐሳቡን ተዉት። በዚያው ወር አስተዋጽዖ አድራጊዎች የሚፈርሙት ስምምነት መጣ። በጁላይ ደግሞ አዲስ የግላዊነት መመሪያ ወጣ፤ ዕድሜያቸው ከ13 በታች የሆኑ እንዳይጠቀሙበት የሚል ነበረበት። ጂፒኤል ማንም ለማንኛውም ዓላማ ይጠቀም የሚል ፈቃድ ነውና ሰው ጮኸ። ድርጅቱ አጻጻፉ ጥሩ እንዳልነበር አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፣ መመሪያውንም አስተካከለ። ተራኪው የወደደው ነገር ጩኸቱ መሥራቱን ነው። ያልወደደው ደግሞ ስምምነቱ እንዳለ መቅረቱን። ለመረጃው የጮኸው ሰው ለወረቀቱ ያን ያህል አልጮኸም ይላል። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። እኛም ክር ውስጥ ያው እየሆነ ነበር።

ምክንያቱም 11ኛው ላይ ነገሩ ከወረቀቱ ወጥቶ ወደ ግላዊነት ዞረ፤ ያውም በሹል ቃል። ስልክ ቁጥሩን፣ ፎቶውንና የእናቱን አድራሻ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ የሰጠ ሕዝብ አንድ ፕሮግራም ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ቢላክበት ምን አስጮኸው የሚል ነው። ጠያቂዋን ተመጻዳቂ አላት። እንዲህ ያለ ሰው ከእያንዳንዱ ክር አይጠፋም። ግማሽ እውነት ስላለው ያበሳጫል።

12ኛው የሕግ ባለሙያ ነው። ስድቡን አልፎ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። የቴሌግራም መተግበሪያ ኮዱ ክፍት ነው፣ መልእክቱ የሚያልፍበት የድርጅቱ ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) ኮድ ግን ዝግ ነው፤ ስለዚህ ክፍት የሚለው ቃል የት ድረስ እንደሚሄድ መጠየቅ ይገባል አለ። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ማለት ሰው አውቆ በነፃ የሚሰጠው ነገር ነውና አስቀድሞ እሺ ላይ የተደረገ ምልክት ለእሱ ፈቃድ አይመስለውም። ለወረቀቱም አንድ ነገር ጨመረ። በቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ትርጉምም ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። ድርጅቱ ፊርማ የሚጠይቃት እኮ መብቱ እጇ ላይ ስላለ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ከዚህ በፊት እንዲህ አላሰብነውም ነበር።

13ኛው የኢንተርኔት ቤት የነበረው ሰው ነው። ግላዊነት ምናምን አልገባውም፤ የገባው የዳታ ፓኬጅ ነው። አሥር ኮምፒውተር በአንድ መስመር ላይ ሆነው እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ጊዜ ሪፖርት ሲልክና አፕዴት ሲያወርድ ደንበኛው ፌስቡክ አልከፍት አለኝ ብሎ ይጮህበት ነበር። ፋየርዎል በሚባለው የኢንተርኔት መስመር መቆጣጠሪያ ላይ አንድ በአንድ እየዘጋ ነው የኖረው። ለጠያቂዋም ያንኑ መከራት፤ እሺም እምቢም ሳትዪ መስመሩን ዝጊበት። ጥሩ ምክር ነው፣ የሚያውቅበት ሰው ሱቅ ውስጥ ካለ።

14ኛው የእኔ ነው። የተሞኘሁበትን ነገርኳቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የአማርኛ ኪቦርድ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ስሙ ይቅር። መግለጫው ኮዱ ክፍት ነው ይላል፤ እኔም አምኜ ተቀመጥኩ። ፓኬጄ ወሩ ሳይጋመስ ማለቅ ጀመረ። የዳታ አጠቃቀሙን ስከፍት ኪቦርዱ 300 ሜጋባይት በልቷል። ፊደል ለመጻፍ! ኮዱን ፈልጌ አገኘሁት። ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ስልኬ ላይ ያለው እትም ግን የወጣው ባለፈው ወር ነበር። ክፍት የተባለው ኮድና እኔ የምጽፍበት ነገር ዝምድናቸው በስም ብቻ ነበር። አንድሮይድ ኪቦርድ ስትጭኑ የይለፍ ቃልን ጨምሮ የምትጽፉትን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ሁላችንም ሳናነብ እሺ እንላለን። እኔም ብያለሁ። የባንክ የይለፍ ቃሌን የቀየርኩት ያን ቀን ማታ ነው።

15ኛው መፍትሔ ይዞ ተከተለኝ። ኤፍድሮይድ የሚባለው የመተግበሪያ ማከማቻ የሠሪውን ፋይል ተቀብሎ ከማስቀመጥ ይልቅ በአብዛኛው ከኮዱ ተነሥቶ ራሱ ይገነባዋል። ኪማን የተባለው የኪቦርድ መሣሪያም ኮዱ ከ2017 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ግዕዝ ይጽፋል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። 16ኛው ጠያቂዋ አንዱን የሜኑ ቃል ቀልብስ ብላ መተርጎሟን ተቃወመ። ወደ ኋላ መመለስ ለማለት ነው፤ እሱ ግን ቀልብስ ሲባል የሚታየው የሱሪ ጫፍና የዜና ላይ ሴራ ነው። መልስ ይባል አለ። 17ኛው መልስ ከጥያቄና መልስ ጋር ይምታታል ብሎ ተከራከረ። ድምፅ እየቀነሰ የሚጠፋበትን ተግባር እየከሰመ ይሂድ ማለቷን ግን ሁለቱም ወደዱት። አሞራ ገደል ዓሣ ጥብስ ላይ እንፍታው ተባብለው ቀጠሮ ያዙ። እኔን አልጋበዙኝም።

18ኛው ወደ ነገሩ መለሰን፣ ግን ከሌላ ጎን። ድርጅት ድርጅት ስትሉ ግለሰብም እንዳለ አትርሱ ሲል በማርች 2024 የታወቀውን የኤክስዜድ ጉዳይ አነሣ። ኤክስዜድ ፋይል የሚያሳንስ ክፍት ፕሮግራም ነው፤ ብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ። ራሱን በአንድ ስም ያስተዋወቀ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እየረዳ አመኔታ አገኘ። የደከመው የፕሮጀክቱ ባለቤት ሥራውን አካፈለው። እሱም ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሳይፈቀድ የሚገባበት የጓሮ በር በስውር ከተተበት። የተያዘውም ድርጅት ውስጥ በሚሠራ ሰው ነው። የማይክሮሶፍቱ አንድረስ ፍሮይንድ ወደ ሰርቨር መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱ ገርሞት ሲቆፍር ደረሰበት። ጋሼ እዚህ ላይ ብቅ ብለው ያ ሰውዬ እድር ገብቶ ድንኳን ሲተክልና ወንበር ሲሸከም ከርሞ ደብተሩን የተረከበ ሌባ መሆኑን ተናገሩ። ይህ 19ኛው ነው፤ ክሩ ላይ ከሁሉ የተወደደውም እሱ ነው።

20ኛው ከሐዋሳ ሆኖ ለውጭ ድርጅት በርቀት የሚሠራ ልጅ ነው። ተናዶ ነበር፤ ንዴቱም መሠረት አለው። ትልልቆቹ የክላውድ ድርጅቶች ክፍት ኮድ ወስደው ሲሸጡ ትንሹ ድርጅት ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል። ወረቀቱን የሚያስፈርሙት ክፍቱን በነፃ እየሰጡ፣ ዝጉን ፈቃድ ለሚፈልግ እየሸጡ ለመኖር ነው፤ የእሱ እንጀራም ከዚያ ነው የሚመጣው። ጎበዝ፣ ይህን ማንም አልመለሰለትም። በዚህ ፈንታ 11ኛው ሰው ተመልሶ መጥቶ 21ኛውን ጻፈ፤ ጠያቂዋ ስሟን ለማስጠራት ነው ብሎ ያልሆነ ነገር ተናገረ። የመድረኩ አስተዳዳሪ አጠፋው። ምን እንዳለ እዚህ አልደግመውም።

22ኛው ራሷ ናት፣ ከአራት ቀን በኋላ። የሰደባትን አልመለሰችለትም። ሁሉንም አመስግና፣ ጋሼን በተለይ፣ ያደረገችውን ጻፈች። አልፈረመችም። 1,400ውን መስመር በራሷ ገጽ ላይ በዚያው በጂፒኤል ፈቃድ አወጣችው። ከዚያ ለድርጅቱ ጻፈችላቸው። ትርጉሙ ያውላችሁ፣ ሌላው ሰው በሚወስድበት ፈቃድ እናንተም ውሰዱት። ፕሮግራሙ ነገ ቢዘጋ ገንጥሎ የሚያወጣው ሰው አማርኛውን ይዞ ይወጣል። በሱቋ ኮምፒውተር ላይ ያለውን እሺ ምልክት አንሥታዋለች። የ20ኛውን ልጅ ነገር እስካሁን እያሰበችበት እንደሆነና ለእሱ መልስ እንደሌላት አልደበቀችም። ከድርጅቱ መልስ አልመጣላትም። ቀልብስ የሚለው ቃል ግን ይቀየራል፤ ሁለቱ ሰዎች ዓሣው ላይ ከተስማሙ።

23ኛውና የመጨረሻው አንድ አዲስ ሰው ነው። ከላይ ያለውን ያነበበ አይመስልም። የ1998 ዓ.ም. የሠርጉ ካሴት እንዳለው ነግሯት፣ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ስንት እንደሆነና እሑድ ክፍት መሆን አለመሆኗን ጠየቃት።